ሙክታር ሲሰግድ የሄዱት ፈረሶች

ባለፈው ወር ጊንጪ ውስጥ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት የተማሪዎቼን ፈተና ሳሳትም መብራት ጠፋ። ማሽኑ አንዷን ወረቀት ግማሽ ድረስ ውጦ ቀጥ አለ። ባለሱቋ "ሲመጣ ይቀጥላል መምህር፤ ቁጭ ይበሉ" ብላ በርጩማ አቀረበችልኝ። እኔ ደግሞ ቁጭ በል ሲሉኝ እግሬን የሚበላኝ ሰው ነኝ። በሩ ላይ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ወደ አምቦ የሚያልፉትን ሚኒባሶች ቆጠርኩ፣ እንደገና ገባሁ። ያችን ግማሽ አካሏ ማሽኑ ውስጥ የቀረች ወረቀት ሳይ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር መጥቶ ፊቴ ተገተረ።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትነን ውጤት የምንጠብቅበት ክረምት ነበር። አምቦ በዚያ ክረምት አልረጋችም። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሌላ ሳምንት ይዘጋል። ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል። ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ነገር ግን በየቀኑ "ነገ ነው" የሚል አይጠፋም። ጠዋት ተነሥቼ እስከ ሁሉቃ ድልድይ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ከሰዓት ያንኑ መንገድ ደግሜ እሄደዋለሁ። እናቴ "ምን ጠፋብህ?" ትለኝ ነበር። የጠፋብኝ ነገር አልነበረም፤ የሚመጣው ነበር የጠፋኝ።

ጓደኛዬ ሙክታር የጎረቤታችን የጋሽ ሱልጣን ልጅ ነው። ጋሽ ሱልጣን ከስልጤ መጥተው አምቦ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ፣ የገመድና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። አንድ ቀን ሙክታር፣ የአጎቱ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ በፍላሽ ያመጣለትን መጽሐፍ ይዞ መጣ። በውጭ አገር ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ወታደሮች ደርድረው የጥንቱን ዘመን ጦርነት የሚጫወቱበት ሕግ ነው። የሮም እግረኛ በአንድ ተራ ምን ያህል ይጓዛል፣ የፋርስ ፈረሰኛ ከጎን ሲመታ ምን ይደርሳል፣ ሁሉም በዳይስና በልኬት ይወሰናል። ልናሳትመው ሄድን። ሃያኛው ገጽ ላይ መብራት ጠፋ፤ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ፍላሹን ቫይረስ በልቶት አልከፈት አለ። ጦርነቱ እንዴት እንደሚያልቅ የሚናገረው ክፍል ሳይታተም ቀረ። ስለዚህ ማለቂያውን ከራሳችን ፈጠርን፤ የሌላውን የንጉሥ ድንኳን ቀድሞ የነካ ያሸንፋል አልን።

ወታደሮቹን ሙክታር ነው የሠራቸው። ከአሮጌ ገመድ ውስጥ የመዳብ ሽቦ እየላጠ፣ በፒንሳ እያጠፈ፣ አራት አራቱን በአንድ የጠርሙስ ቆርኪ ላይ ያቆማቸዋል። ቀሚሳቸው የእህቱ የጥፍር ቀለም ነው። ጋሻቸው የአተር ክክ ነበር፤ በሐምሌ ነቀዝ ገብቶ የፋርስን ጋሻ ስለበላው እንደገና በምስር ተካነው። ፈረሶቹ ግን ልዩ ነበሩ። ወንጪ ሄዶ ያያቸውን ፈረሶች አንገት አስታውሶ ነው የሠራቸው፣ እያንዳንዱ የራሱ አመል ያለው ነበር የሚመስለው። እኔ የሠራሁት መሬቱን ነው። መጋዘናቸው ውስጥ አሮጌ በር በሁለት በርሜል ላይ አጋድመን፣ በካርቶንና በዱቄት ማጣበቂያ ኮረብታና ወንዝ አበጀሁለት፣ ሜዳውን አረንጓዴ ቀባሁት። መጽሐፉ የሚለካው በኢንች ነው፤ እኛ ደግሞ ኢንች የምናውቀው በቴሌቪዥንና በቧንቧ ነው። ከልብስ ሰፊ ሜትር ተውሰን ጀርባውን ተጠቀምንበት።

ከመጽሐፉ ያልወሰድነው አንድ ሕግ ነበረን። አዛን ሲል ጦርነቱ ይቆማል። ሙክታር ይሄድና ይሰግዳል፣ እኔ እጄን ከበሩ ላይ አነሣለሁ፣ እሱ እስኪመለስ ሮምም ፋርስም ባሉበት ይቆያሉ። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ቁምነገረኛ የሆንኩ መስሎኝ ኮርቼበት ነበር።

ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላሸነፍኩም። ሙክታር ሮምን ይዞ ይጠብቃል። እግረኞቹን ደርድሮ፣ የወይዘሮ ዘይነባን፣ የእናቱን ማለቴ ነው፣ ቆጮ በጎመን እያላመጠ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። እኔ መጠበቅ አልችልም። ፈረሰኞቼን እልካለሁ፣ ያልቃሉ፣ ብድግ እላለሁ፣ ቁጭ እላለሁ። "ደሬ፣ ትንሽ ብትቆይ እኮ ታሸንፈኝ ነበር" ይለኛል ሁልጊዜ። ይህ አባባሉ አንጀቴን ያቆስለው ነበር።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው። ዝናቡ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። ጠዋት "ውጤት ወጥቷል፣ አዲስ አበባ ያሉት አይተዋል" የሚል ወሬ መጥቶ ነበር፤ እኛ ግን የምናይበት መንገድ የለንም። ያን ቀን በሽተኛ ነበርኩ ማለት ይቀላል። የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልኩ ወለሉን በፍሬ ሞላሁት። አሥር ሰዓት ገደማ አዛን አለ። ሙክታር ሁለቱን ድንኳኖች አየ፣ ፈረሶቼን አየ፣ "መጣሁ" ብሎ ወጣ።

ፈረሶቼ ከኮረብታው ሥር ነበሩ። የሙክታርን ጦር ከጎን ለመምታት ስድስት ኢንች ይጎድላቸዋል። ስድስት ኢንች አንድ ተራ መጠበቅ ማለት ነው፤ በዚያ አንድ ተራ ውስጥ ደግሞ እሱ ዞሮ ይጠብቀኛል። እጄ አላርፍ አለኝ። እጄ ነው ማለቴ ራሱ ማምለጫ ነው፤ እኔ ነኝ። ስምንቱን ቆርኪ አንድ በአንድ ወደፊት ገፋኋቸው፣ ሰልፋቸውንም አስተካከልኩ። ከግድግዳው ወዲያ ሙክታር ሲሰግድ ምንጣፉ ላይ የሚያሰማው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

እጅጌውን እየመለሰ ገባ። ተራው የኔ ነበር፤ ፈረሶቼ ጎኑን መቱት፣ ዳይሱም አገዘኝ፣ የሮም ድንኳን ተነካ። ሙክታር ድንኳኑን ትቶ ኮረብታውን ያይ ነበር።

"ፈረሶችህ እዚያ አልነበሩም" አለ።

"የት ነበሩ ታዲያ?"

"ከኮረብታው ሥር። ነክተሃቸዋል ደሬ።"

"አልነካሁም!"

"ነክተሃቸዋል። እኔ እየሰገድኩ!"

ኮሌታዬን ያዘኝ፣ ገፈተርኩት፣ ከኋላው እስከ ጣሪያ የተከመረው ሳፋ በሙሉ ተንኮታኩቶ ወረደ። የፕላስቲክ ሳፋ ብዙ ሆኖ ሲወድቅ የሚያሰማውን ጩኸት ያልሰማ ሰው አያውቀውም። ሁለቱም ቤት ወጣ፣ ጎረቤት ወጣ፣ መንገድ አላፊው ቆመ። በዚያ ወቅት ትንሽ ነገር አድጋ ሌላ ስም ይወጣላት ነበር፤ የኛ ቤት ጴንጤ፣ የነሱ ቤት ሙስሊም፣ እኛ የአገሩ፣ እነሱ መጤ እየተባለ ወሬው ከተማውን እንዳይዞር ሁለቱ አባቶች ፈሩ። ወዲያው ነገሩን ለኦቦ ቶላ ሰጡ።

ኦቦ ቶላ ዕድሜያቸውን በግብርና ቢሮ መሬት ሲለኩ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። የወሰን ጠብ ሲነሣ ከፍርድ ቤት በፊት የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። በማግስቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በጋሽ ሱልጣን ግቢ፣ የዋጋ ወረቀታቸው ገና ያልተላጠ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። "እስቲ ጦርነቱን አምጡት" አሉ። በሩን ከነወታደሩ ተሸክመን አወጣንላቸው። ዞረው ዞረው አዩት።

"እነዚህ እነማን ናቸው?"

"ሮማውያን ናቸው ኦቦ።"

"እነዚያስ?"

"ፋርሶች።"

"መሬቱስ የማን ነው?"

ተያየን። "የማንም አይደለም፤ ሜዳ ነው" አልኩ።

"ጤፍ ይመስላል። ጤፍ ከሆነ የዘራው ሰው አለ። እሱን አልሠራችሁትም?"

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አባቶቻችንም ሳቁ። ከዚያ ኦቦ ቶላ ፊታቸውን ቋጠሩ። "በሉ ኢጆሌ፣ አሁን ዱጋ፤ እውነቱን ብቻ።"

ሙክታር ተነሥቶ ፈረሶቹ የነበሩበትን ቦታ በጣቱ አሳየ። ኦቦ ቶላ የራሳቸውን ሜትር ከኪሳቸው አውጥተው ለኩት። "ምስክር አለህ?" አሉት። የለውም። ያኔ ነው ሙክታር "ወላሂ እዚያ አልነበሩም!" ያለው። የጋሽ ሱልጣን ፊት ተለወጠ።

"በመጫወቻ ነገር የአላህን ስም ትጠራለህ?" አሉት።

ኦቦ ቶላ ወደኔ ዞሩ። መልስ ከመስጠቴ በፊት አባቴ ተነሣ። አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር፤ በኛ ቤት መሐላ ክልክል ነው። "ልጄ አይምልም" አለ። "ግን አይዋሽም።"

ሁሉም አየኝ። አባቴም አየኝ። በዚያች ሰዓት እውነቱን ባወጣ ነገሩ በሳቅ ያልቅ እንደነበር አሁን አውቀዋለሁ። ያኔ ግን የታየኝ አባቴ በቆመበት ሲዋረድ ብቻ ነበር።

"አልነካሁም" አልኩ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። "ምስክር የለም" አሉ ኦቦ ቶላ። "ምስክር የሌለው ወሰን ሲገጥመኝ ሁለቱን ገበሬዎች አንድ ዓመት አብራችሁ እረሱት እላቸው ነበር። እናንተም ጦራችሁን ተካፈሉ። ለእያንዳንዳችሁ ከሮሙ ግማሽ፣ ከፋርሱ ግማሽ። ከእንግዲህ አንዱ ያለ ሌላው መዋጋት አይችልም።" ሰው በፍርዱ ተደሰተ። "ሙክታር ግን ኮሌታ ይዟል፣ ያለ ምስክርም ሰውን ውሸታም ብሏል። ይቅርታ ይጠይቅ።"

ሙክታር መጣ። ትከሻዬን ሳመና "አፉ በለኝ" አለኝ። ዐይኔን ትኩር ብሎ አየኝ።

የበደልኩት ሰው ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም "ይቅር ብያለሁ" አልኩት። ከዚያ የሥጋ ጥያቄ እንዳይነሣ ተብሎ በቅቤ የተለወሰ የገብስ ጭኮ ቀረበና ከአንድ ሳህን በላን።

ጉዳዩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። መንገዱ በተከፈተ በሳምንቱ ጋሽ ሱልጣን ልጃቸውን ቡታጅራ፣ አጎቱ ሱቅ ላኩት። "በመጫወቻ ወላሂ የሚል ልጅ የኔን ሱቅ አይጠብቅም" ማለታቸውን ከእናቴ ሰማሁ። አጥር ለአጥር ነው የምንኖረው፤ በማግስቱ ወይዘሮ ዘይነባ ስታለቅስ ሰማኋት። መናኸሪያ ሄጄ ሸኘሁት። ግማሽ ሮምና ግማሽ ፋርስ በወተት ጣሳ አድርጎ ይዟል። ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ "ደህና ሁን" የሚል ቃል ወጣ። አውቶቡሱ ወደ ጊንጪ አቅጣጫ ሲታጠፍ እስከ መታጠፊያው ሮጥኩ፣ ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም።

ውጤት መጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ መምህር ሆንኩ። ሙክታር ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ሱቅ ቀረ። በየበዓሉ እንደዋወላለን፤ እኔ ለኢድ፣ እሱ ለገና። በየጊዜው ልናገር እልና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ጠይቄው እዘጋለሁ። ምክንያቴ አባቴ ነበር። ከተናገርኩ ውሸታም የማደርገው በሰው ፊት የቆመልኝን አባቴን ነው እል ነበር። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ምክንያቱ ከሱ ጋር ሄዷል፣ እኔ ግን ሁለት ዓመት ጨምሬበት ዝም አልኩ።

ጊንጪ መብራቱ መጣ፣ ፈተናው ታተመ። ወረቀቱን በብብቴ እንደያዝኩ መንገድ ዳር ቆሜ ደወልኩለት።

"ሙክታር፣ ያኔ ፈረሶቹን ነክቻቸው ነበር።"

ከኋላው ብረት የሚቆረጥበት ድምፅ ይጮሃል።

"ስንት?" አለኝ።

"ስድስት ኢንች።"

"እኔ አምስት ተኩል ገምቼ ነበር።" አልሳቀም። "ደሬ፣ ለኔ አትንገረኝ። እኔ አውቀዋለሁ። ወላሂ ስል ያላመነኝ አባቴ ነው፤ ለሱ ንገረው። በስልክም አይደለም። እኔ ይቅርታ የጠየቅሁህ በሰው ፊት ነው።"

ቅዳሜ አምቦ ሄድኩ። ጤፉ ቢጫ ሆኗል፤ መንገደኛው ሁሉ ስለ አጨዳ ያወራል። እኔ ከጊንጪ እስከ አምቦ መግቢያ ድረስ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስሰፋና ስተረትር ደረስኩ። ጋሽ ሱልጣን አርጅተዋል። ለአንድ ገበሬ ገመድ እየለኩ ነበር። ገበሬው እስኪሄድ ልጠብቅ አሰብኩ፤ ግን በሰው ፊት ተናገር መባሌ ትዝ አለኝና እዚያው ተናገርኩ። አዛኑን፣ ስድስቱን ኢንች፣ አባቴ የተናገረውን፣ ሁሉንም። ገበሬው ገመዱን በአንድ በኩል እንደያዘ ቀረ።

ጋሽ ሱልጣን በእጃቸው የነበረውን የገመድ ጫፍ ለቀቁት። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው ተጣሩ።

"ዘይነባ! ነይ እስኪ። ልጅሽ አልዋሸም።"

እጇን እየጠረገች ወጣች። የቱ ልጅ፣ መቼ፣ ብላ አልጠየቀችም። እኔን አንዴ አየችኝና ወደ ባሏ ዞራ "ደውልለት" አለች። "እኔ አይደለሁም የላክሁት። አንተ ደውልለት።"

በዚህ ዕድሜዬ የገባኝ ነገር ቢኖር ያን ቀን የወሰድኩት ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ ነው። ከአንድ አባት ልጁን ማመን ወስጃለሁ፤ አሁን ደግሞ መልሼ ስሰጠው ሸክም ሆኖበታል። የኔ እፎይታ ለሳቸው ጸጸት ሆነ፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ቁጭ ማለት ያቅተኛል።

ጋሽ ሱልጣን ስልካቸውን አወጡ፣ ቁጥሩን ፈልገው አገኙት፣ ግን አልተጫኑትም። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ።

"ምን ብዬ ልጀምር?" አሉኝ።