የእትዬ ታንጉት የዐሥር ቀን ግዝት

አክስቴ ወይዘሮ ታንጉት በማንኩሳ አቅራቢያ ባለች መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጤፋቸውን አርመው፣ በርበሬያቸውን ለቅመው አንዲት ልጃቸውን ያምሮትን አስተምረዋል። ያምሮት ጀርመን አገር ነርስ ሆና ከተቀጠረች ስድስት ዓመቷ ነው። ጥቅምት ዐሥር ቀን ሴት ልጅ ስትገላገል፣ የምሥራቹን በፍኖተ ሰላም ገበያ መካከል በስልክ የሰሙት እናቷ እልል አሉና ወዲያው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የሕፃኗ ሰማንያኛ ቀን፣ ክርስትና የምትነሣበት ዕለት፣ ልክ በገና ዋለ።

«ልጄ እኔ በሌለሁበት ወለደች፤ የልጅ ልጄ ክርስትና ግን ያለ እኔ አይደረግም» አሉ። ነገሩ በዚህ ተቆረጠ።

የጀርመን ቪዛውን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። ከክፍሌ አንደኛ የምወጣው በከንቱ አይደለምና አንድም ስሕተት አልተገኘበትም። ያላሰብሁት ነገር ቢኖር የአክስቴ እጅ ነበር።

ኅዳር ዐሥር ቀን አዲስ አበባ፣ ማመልከቻ ከሚቀበለው ቢሮ ቀረብን። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ «የተሟላ ነው» አለችና አክስቴ ጣታቸውን ከአሻራ መቀበያው መስታወት ላይ እንዲያሳርፉ ጠየቀቻቸው። ቀይ መብራት በራ። ጣታቸውን በሶፍት ጠረግን፤ ቀይ። የግራውን ሞከርን፤ እሱም ቀይ። በመሣሪያው ዓይን አክስቴ ጣት የሌላቸው ሴት ነበሩ።

«እማማ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለች ሠራተኛዋ።

«የማልሠራውን ብትጠይቂኝ ይቀላል፣ ልጄ።»

ልጅቱ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ቁርጡን ነገረችን። «አሻራዎ በሥራ ብዛት ጠፍቷል። እጅዎን ያሳርፉና ኅዳር ሃያ አራት ይመለሱ። ያን ቀን ካልተነበበ ቪዛው ለገና አይደርስም።»

ጤፉ በነጣበት፣ በርበሬው በቀላበት በኅዳር ወር እጅን ማሳረፍ! በአውቶቡስ ስንመለስ አክስቴ እስከ ደጀን ጣቶቻቸውን ሲያገላብጡ መጡ።

ኅዳር ዐሥራ ሁለት ሚካኤል ነበርና በዓሉን አክብረው ዋሉ። ዐሥራ ሦስት ማለዳ ግን ማጭዳቸውን ይዘው ከማሳው ተገኙ። ያገኘቻቸው ታናሽ እኅታቸው፣ እናቴ ሀብትነሽ ናት፤ እጃቸውን ልትጠብቅ ከቡሬ ድረስ መምጣቷ ነበር።

«እታለም፣ ማጭዱን አስቀምጪ!»

«አንድ ነዶ ብቻ።»

«እንግዲያው ለቪዛ ሰዎቹ ነዶውን ይዘሽላቸው ሂጂ! እጅ የለኝም፣ ጤፍ ግን አለኝ በያቸው!»

አክስቴ ሳቁ፤ ማጭዱን ግን አላስቀመጡም። በማግሥቱም ከበርበሬው መካከል ተገኙ። እናቴ ከዚያ በኋላ ክርክሩን ትታ ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ ሃይለ ሚካኤል ሄደች። ቄሱ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው መጡና ከማሳው ዳር ቆሙ።

«ወለተ ሐና!» ብለው በክርስትና ስማቸው ጠሯቸው።

«አቤት፣ አባቴ!»

«በሚካኤል ዕለት ማጭድ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«እግዚኦ! እንዴት ተደርጎ?»

«እንግዲያው ከዛሬ እስከ ቀጠሮሽ ያለው ዐሥር ቀን ሁሉ ለአንቺ ሚካኤል ነው። ማጭድ ብትነኪ፣ በርበሬ ብትለቅሚ ግዝት ይሁንብሽ።»

አክስቴ በእጃቸው የነበረውን በርበሬ እንደ ፍም ጣሉት። «እህሉስ፣ አባቴ?»

«ግዝቱ በአንቺ ላይ ነው እንጂ በእኛ ላይ አይደለም» አሉ ቄሱ።

በማግሥቱ ጎረቤታቸው ገነነ ዐሥራ ሰባት ሰው አስከትሎ ለደቦ መጣ። አክስቴ ከግራሩ ጥላ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጾሙ ገብቷልና ቅቤ አልተነካም፤ እጃቸው የኑግ ዘይት ተቀብቶ በነጠላ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ገነነ ጎንበስ እንዳለ ተጣራ፦

«እትዬ ታንጉት፣ ባላባት ከሆኑ ስንት ጊዜዎ ነው?»

«አንተ ልጅ፣ ከሥር ከሥሩ እጨደው! ግማሹን ለወፍ ነው የተውኸው?»

«እጅዎ ቢታሰር አፍዎ አልታሰረም!»

«አባ አፌን አልገዘቱም!»

ማሳው በሳቅ ተሞላ። ጤፉ በሁለት ቀን ታጭዶ ተከመረ፤ በርበሬውም ተለቅሞ ተሰጣ። አክስቴ በእነዚያ ቀናት የተቀመጡትን ያህል በዕድሜያቸው ተቀምጠው አያውቁም። እናቴ ውኃ እንኳ በራሳቸው እጅ አላስቀዳቻቸውም፤ እኔ ደግሞ በየቀኑ ጣቶቻቸውን በስልኬ ካሜራ አጉልቼ እመረምር ነበር። በስምንተኛው ቀን በቀኝ አመልካች ጣታቸው ላይ እንደ አዲስ ትልም የቀጠኑ መስመሮች አየሁ። ወዲያው ፎቶ አንሥቼ ለእናቴ አሳየኋት።

ኅዳር ሃያ አራት ከዚያው መስታወት ፊት ቆምን። የቀኙ አራት ጣት አረንጓዴ አበራ። የግራውም አራት ጣት አረንጓዴ። ተራው የሁለቱ አውራ ጣቶች ሲሆን ግን ቀይ መብራት በራ። ሠራተኛዋ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ መሬት አየሁ። አክስቴ አውራ ጣቶቻቸውን አንሥተው እፍ አሉባቸው፣ አማተቡባቸው፣ መልሰውም አሳረፏቸው።

አረንጓዴ!

እልልታቸው ቢሮውን አናጋው።

«እማማ፣ እዚህ እልልታ አይፈቀድም!» አለ ዘበኛው፣ እሱም እየሳቀ።

«እንግዲያው ከደጅ እጨርሰዋለሁ» አሉና ከበሩ እስከ አስፋልቱ እልል እያሉ ወረዱ። እኔም፣ በሰው ፊት ድምፅ ማሰማት የማልወደው፣ ተቀበልኋቸው።

ቪዛው ደረሰላቸውና ታኅሣሥ ሃያ አራት ቀን በረሩ። በገና ዕለት ረፋዱ ላይ የደቦው ሰው ሁሉ ከአክስቴ ግቢ ተሰብስቦ በእኔ ስልክ ዙሪያ ተፋፈገ። በምስሉ ውስጥ አክስቴ ነጭ የሀበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመዋል። ማተብ ያሰረችው ሕፃን አውራ ጣታቸውን ጨብጣ ተኝታለች። ያምሮት ከጎናቸው የእናቷን እጅ ትዳስሳለች።

«እማዬ፣ እጅሽ እንዴት ለሰለሰ? ይህ የማን እጅ ነው?»

«የእኔው ነው። ሻካራውን እነገነነ ተካፍለውልኝ ነው!»

ገነነ የተሰነጣጠቀ መዳፉን ወደ ስልኩ ዘርግቶ አሳያቸው። በዚህም በዚያም እልልታው ቀለጠ።

የካቲት ላይ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ከገነነ የመስኖ ሽንኩርት ውስጥ ሲኮተኩቱ አገኘኋቸውና ጣታቸውን እንደ ልማዴ አገላብጬ አየሁ። መስመሮቹ እንደገና እየጠፉ ነበር።

«እትዬ፣ ይኸው ሊጠፋ ነው እኮ!» አልሁ ደንግጬ።

«ይጥፋ» አሉ፤ «በሚያስፈልገው ቀን ተነቧል።» ዶማቸውንም አነሡ።