በፀሐይ ያልለቀቀው ቢጫ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም እያልኩ ብዙ ቀን አመንትቻለሁ። ትልቅ ስም ያለው ሰው የለበትም። ያለው አንዲት ቤት የምትውል እናት፣ አንድ የአራት ዓመት ልጅና አንድ ግማሽ በርሜል ብቻ ነው። እኔም ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩና ሁሉንም በትክክል አስታውሳለሁ ብዬ መማል አልችልም። ቢሆንም ባለፈው ወር በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍላችን ውስጥ የሆነው ነገር ዝም ብዬ እንዳላልፈው አደረገኝ።

አንዷ ጓደኛችን ከቤቷ የተላከላትን የእርድ ዱቄት ስትፈታ ላስቲኩ ተቀደደና ነጭ አንሶላዋ ላይ ፈሰሰ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። የረጠበ አፈር፣ ትንሽ ዝንጅብልና ከሁለቱም በኋላ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ምሬት ያለው ሽታ ነው። ልጅቷ ሳሙና ፍለጋ ስትሮጥ፣ "በሳሙና አትንኪው፤ ፀሐይ ላይ ስጪው፣ ራሱ ይለቃል" አልኳት። እንዴት እንዳወቅሁ ሲጠይቁኝ የቴፒ ልጅ መሆኔን ብቻ ነገርኳቸው። ይህን ያስተማረችኝ ግን እትዬ አስቴር ናት። ሌሊቱን ሙሉ ሽታው ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

እትዬ አስቴር ቴፒ ውስጥ ጎረቤታችን ነበረች። የሁለታችንን ግቢ የሚለየው የቀርከሃ አጥር ስለሆነ እሷ የምታወራውን እኛ፣ እኛ የምናወራውን እሷ ትሰማ ነበር። ረጅምና ቀጭን ናት። በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ታገለግል ስለነበር እንጨት ስትፈልጥም፣ ልብስ ስታጥብም አፏ ከመዝሙር አያርፍም። ባሏ ጋሽ ማርቆስ ቡና እርሻ ውስጥ በመካኒክነት ይሠሩ ነበር። ወደ ቤት የሚመጡት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ነው። ሲመጡም የቆሸሸ ቱታቸውንና ለልጃቸው ለናቲ አንድ እሽግ ብስኩት ይዘው ነው።

ከናቲ በፊት ሜሮን የምትባል ልጅ ነበረቻት። እትዬ አስቴር ያኔ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ሽንኩርትና ቲማቲም ትነግድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሕፃኗን ለዘመዷ ትታ ሄደች፤ ስትመለስ የውኃው ጉድጓድ ክዳን ተከፍቶ አገኘችው። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ በድንጋይና በአፈር ተሞላ። እኛ ልጆች ግቢዋ ስንገባ ያንን ቦታ ረግጠን አንሄድም ነበር። ማንም አልከለከለንም፤ ግን ሁላችንም እንዞረው ነበር። ናቲ ከተወለደ በኋላ እትዬ አስቴር እሱን ሳትይዝ ከግቢዋ በር ወጥታ አታውቅም።

ናቲ አራት ዓመት ሲሞላው የጋሽ ማርቆስ ደመወዝ አልበቃ አለ። እትዬ አስቴርም አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፋ እናቴን አማከረቻት።

"ቤቴ ሆኜ የምሠራው ሥራ ፈልጊልኝ።"

"ዶሮ አርቢ" አለች እናቴ፣ ጎመን እየቀነጠሰች።

"ፈንግል የገባ ቀንስ? ሁሉንም በአንድ ጀንበር አይደል እንዴ የሚጨርሰው!"

"አረቄ አውጪ።"

"ሰካራም ሁሉ የልጄ አልጋ ላይ ሊቀመጥ? የቤተ ክርስቲያን ሰዎችስ ምን ይሉኛል?"

"እንግዲያው ዳቦ ጋግሪና ለሻይ ቤቶች አከፋፍዪ።"

"ማከፋፈል ማለት መውጣት ነው።"

እናቴ ሳቀች። "አንቺ ሴትዮ፣ የምትፈልጊው ሥራ ሳይሆን እስር ቤት ነው!"

"ይሁን" አለች እትዬ አስቴር። "ብቻ እኔንና ናቲን አንድ ክፍል ውስጥ ይሰሩን።"

ዘንድሮ በክፍል ውስጥ ቤት ለሚውሉ ወላጆች የሚስማማ ሥራ ሲመረጥ ስለሚታዩ ነገሮች ተምረናል። ገበያው፣ መነሻ ገንዘቡ፣ ችሎታው ሁሉ ተዘርዝሯል። በጥንቃቄ ጽፌዋለሁ። እትዬ አስቴር ግን መመዘኛዋ አንድ ብቻ ነበር፤ ዓይኗ ከልጇ ላይ እንዳይነሣ። ለዚህ የሚሆን ሥራ ይዘው የመጡት አቶ ግዛው የሚባሉ የቅመማ ቅመም ነጋዴ ናቸው። ከገበሬ የሰበሰቡትን እርጥብ እርድ ቀቅሎና አድርቆ የሚያስረክባቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። እርዱን በሯ ድረስ በመኪና ያመጡላታል፣ ሲደርቅም ከበሯ ይወስዳሉ። በዚያው ቀን ተስማማች።

"ግቢሽ በሙሉ ቢጫ ይሆናል፤ ታውቂያለሽ አይደል?" አለቻት እናቴ።

"ምን አለበት፤ በፀሐይ ይለቃል።"

ሥራው የተጀመረው በታኅሣሥ ነው። ግማሹን በርሜል ሦስት ድንጋይ ላይ ጣደችው። እርዱን ታጥብና እዚያ ውስጥ ጨምራ በኮባ ቅጠል ትከድነዋለች። በስንጥር ወግታው ዘልቆ ሲገባ በስሏል ማለት ነው። ከዚያ ሸራ ላይ ታሰጣዋለች። ሲደርቅ እንደ ጠጠር ይንኳኳል። ያን ጊዜ ማዳበሪያ ውስጥ ከትታ፣ ልጣጩ እንዲለቅ በእግሯ እያሸች ትረግጠዋለች። ቢጫ ብናኝ በፀሐይዋ ውስጥ ተንሳፍፎ አጥሩን አልፎ ይመጣና እኛ ባሰጣነው ልብስ ላይ ያርፋል። በእሳቱ ዙሪያ ናቲ እንዳያልፈው በአመድ መስመር አሰመረችለት። ከመስመሩ ወዲህ፣ ልክ በእሷ ፊት ለፊት፣ ትንሽዬ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእሱ ጋር እጫወት ነበር።

በጥር መጨረሻ በዚያ ግቢ ቢጫ ያልነካው ነገር አልነበረም። የበሩ እጀታ፣ የውኃው ጆግ፣ የካሴት ማጫወቻው ቁልፎች፣ የናቲ ኮንጎ ጫማ ሁሉ ቢጫ ሆኑ። የእትዬ አስቴር እጅ እስከ ክርኗ ቢጫ ነበር። የሰፈር ልጆች ናቲን ከአጥር ማዶ ሲያዩት፣ "አልጫው! አልጫው! እንጀራ እናምጣ?" እያሉ ይጮኹ ነበር። እሱም ምላሱን ያወጣባቸዋል። አቶ ግዛው ራሳቸው ማዳበሪያ ሊጭኑ ሲመጡ፣ "አስቴር፣ ልጁንም አድርቀሽ ልታስረክቢኝ ነው?" ብለው ይቀልዱ ነበር። ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች።

በየካቲት ናቲ መጫወት ተወ። በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ያንቀላፋል። የቀረበለትን ምግብ ይገፋል፣ ሆዱንና ክንዱን ያክካል። እትዬ አስቴር ሙቀቱ ነው፣ ብናኙ አሳክኮት ነው ትላለች። አንድ ጠዋት የናቲን የሌሊት ልብስ ይዛ አጥሩ ጋ መጣችና እናቴን ጠራቻት።

"ነይ እዪልኝ ጉድ! ሽንቱ እንኳ ሳይቀር እርድ ሆነ።"

ጨርቁ ላይ ያለው ቀለም እንደ ቆየ ሻይ ነበር። እናቴ አየችው። "ዱቄቱን እየላሰ ይሆናላ" አለች። ሁለቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሳቁና ጨርቁ ገመድ ላይ ተሰጣ።

በዚያው ሰሞን እኔና ናቲ ቀድሞ ዓይኑን ያርገበገበ ይሸነፋል የሚለውን ጨዋታ ስንጫወት ፊቴን ወደ ፊቱ አስጠጋሁ። የዓይኑ ነጭ ነጭ አልነበረም። ዙሪያውን ቢጫ ሆኖ መሐሉ ላይ ጥቁሯ ብቻዋን ቀርታለች። ደነገጥኩ፤ ለምን እንደ ደነገጥኩ ግን አላወቅሁም።

"እትዬ፣ የናቲ ዓይን ውስጥ እርድ ገብቷል!" አልኳት።

"ወይኔ! እንዳያቃጥለው!" ብላ ብድግ አለች። ራሱን ጉልበቷ ላይ አንጋላ በንጹሕ ውኃ ደጋግማ አጠበችው። እሱ አላለቀሰም። ወደ ሰማይ ያይ ነበር። ዓይኑ ቢጫ ነው ብቻ ብላት ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። እኔ ግን እርድ ገብቷል አልኩ። በዚያ ግቢ ቢጫ ሁሉ እርድ ነበራ።

በመጋቢት ዝናቡ ጀመረ። ሸራው ታጠፈ፣ በርሜሉ ተገልብጦ ተቀመጠ፣ አቶ ግዛው የመጨረሻውን ጭነት ወሰዱ። እትዬ አስቴር ዝናብ ባረፈ ቁጥር ልብሱን፣ መጋረጃውን፣ ጨርቁን ሁሉ ፀሐይ ላይ አወጣች። እንዳለችውም ሆነ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢጫው ከመጋረጃው ላይ ሳሳ፣ ከአጥራችን ላይ በዝናብ ታጠበ፣ ከራሷ እጅም ከጥፍሯ ሥር በቀር ለቀቀ። ናቲን ግን በየጠዋቱ በልብስ ሳሙናና በሎሚ እያሸች ታጥበውና ደጃፉ ላይ ለፀሐይ ታስቀምጠው ነበር። አጥበው ያሰጡት ልብስ ይመስላል። ቀኑ ሲጨምር ቢጫው ደመቀ እንጂ አልሳሳም። መዝሙሯን ማቆሟን ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። በአጥሩ በኩል የሚሰማው የሳሙናው እሽታ ብቻ ሆነ።

አንድ ጠዋት እናቴ እሳት ልትጭር ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። እትዬ አስቴር የናቲን እጅ በመዳፏ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። የእሷ መዳፍ ንጹሕ ነበር። የእሱ ትንሽ እጅ ግን እዚያ ላይ ሌላ ነገር ሆኖ ይታያል። እናቴ የያዘችውን ገል መሬት ላይ አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ የናቲን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳበችው። ሌላኛውንም ዓይኑን እንዲሁ አየችው።

"አስቴር" አለች። "ይሄ እርድ አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለች እትዬ አስቴር። "ከሦስት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። እየታጠበ ይለቅ እንደሆነ ብዬ ነው።"

ጋሽ ማርቆስ ተጠርተው መጡና በዚያው ቀን ሚዛን ከተማ፣ ሆስፒታል ወሰዱት። እናቴም አብራ ስለሄደች እዚያ የሆነውን የማውቀው ከእሷ ነው። የመረመረው ሐኪም ወጣት ነበር። ሕመሙ የጉበት እንደሆነ፣ ብዙ ሕፃናት ይዟቸው እንደሚድኑ፣ የናቲ ግን እንደ ጠና ነገራቸው። "ይህን ያህል ጊዜ እንዴት አላያችሁትም?" ብሎ ጠየቀ። ሊወቅስ ብሎ አልነበረም፤ ለመዝገቡ ነበር። እትዬ አስቴር፣ "ሌላ ምንም ሳላይ ነው የዋልኩት" አለችው። ሐኪሙ ምን ብሎ እንደሚጽፈው ቸግሮት ብዕሩን ይዞ ቆመ።

ናቲ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ድንኳኑ የተተከለው እርዱ ይሰጣበት በነበረው ቦታ ላይ ነው።

በለቅሶው ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ልጁን የገደለው እርድ ነው ብሎ አወራ። አቶ ግዛው እንኳ ለመድረስ ፈርተው ሰው ላኩ። እትዬ አስቴር ሐኪሙ ያላትን ተናግራ ወሬውን ማቆም ትችል ነበር፤ አልተናገረችም። ለምን ዝም እንዳለች ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው፣ እርዱ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ ሁሉ ተጠቃሎ እሷ ላይ የሚወድቅ መስሏት ይሆናል። አልወደቀባትም ማለት አልችልም። በፊቷ ላይ አየው ነበር።

ከአርባው በኋላ በየጠዋቱ በራፏ ላይ መቆም ጀመረች። ወደ ትምህርት ቤት ስናልፍ አንድ በአንድ ትይዘናለች። "ቀና በዪ። ወደ ላይ እዪ" ትላለች። አውራ ጣቷ ቀዝቃዛና ሻካራ ነበር። የዓይናችንን ቆብ ወደ ታች ስባ፣ ፊታችንን ወደ ፀሐይዋ አዙራ ታያለች፤ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን። እስክትለቀን ድረስ ትንፋሻችንን እንይዛለን። ምን ልትለን እንደምትችል ሁላችንም እናውቅ ነበርና። አንዳንድ እናቶች ፈሯት። "ዓይኗ ጥሩ አይደለም፤ በላይኛው መንገድ ሂዱ" ብለው ልጆቻቸውን አስጠነቀቁ። እናቴ ግን እኔንና ታናሽ እህቴን በእጇ ይዛ እዚያው በር ላይ ታቆመን ነበር።

እነዚያው በላይኛው መንገድ ልጆቻቸውን የሚልኩ እናቶች ዛሬ ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ጠዋት የልጃቸውን ፊት ሲያጥቡ ደጃፍ አውጥተው፣ አገጩን ቀና አድርገው የዓይኑን ቆብ ዝቅ አድርገው ያያሉ። በእኛ ሰፈር ይህን የማታደርግ እናት የለችም። ትንንሾቹ ልጆች ከማን እንደመጣ አያውቁም። እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስሄድም እናቴ መናኸሪያው ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ ፊቴን ወደ ፀሐይ አዙራ ዓይኔን አየችው። የአውቶቡሱ ረዳት፣ "እማማ፣ ልጅቷን እየሸጡ ነው ወይስ እየሸኙ?" ብሎ ቀለደባት። አልሳቀችም። ሁለቱንም ዓይኖቼን አይታ ሳትጨርስ አልለቀቀችኝም።

እትዬ አስቴር እኛን ማየቷን ያቆመችው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀን ነው። ካርዴን ይዤ እየሮጥኩ ስመጣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከኋላዋ ዕቃቸው ተጠቅልሎ ተከምሯል። በማግስቱ ወደ ጋሽ ማርቆስ አገር ወደ ማሻ ሊሄዱ ነው። ካርዴን ላሳያት ዘረጋሁ፤ አላየችውም። አገጬን ያዘች። ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ እንደገና ግራውን አየች። "ደህና ነሽ" አለችኝ። ከዚያ ማንም ልጅ እየመጣ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ተመለከተችና ገብታ በሩን ዘጋች። ቀኑ ሰኔ 30 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር።