ከበሮው የተሰቀለበት ጾም

ደብተራ ገሠሠ ደፋር ነበር ብል እዋሻለሁ። ጅብ ይፈራል፣ ወባ ይፈራል፣ የጎረቤቱን የዘርፉን ምላስ ይፈራል። ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ግን ከሁሉም ይበልጥ የፈራው የዐቢይ ጾምን መግባት ነበር። ረኀቡን እንዳይመስላችሁ።

ገሠሠ አዳማ ላይ የአንድ ትልቅ ደብር መዘምር ነበር። በበዓል ቀን መዘምራኑ ቀኝና ግራ ተሰልፈው፣ ረጅሙን ዘንግ መቋሚያቸውን እኩል እያዘነበሉ ሲያዜሙ ቤተ ክርስቲያኑ ይሞላል። ክረምቱ እንዳለፈ ወደ ቆቃ፣ አዋሽ ዳር ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። ከባቡር ጣቢያ የተገኘውን ኪኒን አንድ በአንድ ሳይሆን በእፍኝ ዋጠው። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ጆሮው ግን ሲጮኽበት ሰንብቶ ጭራሹን ዝም አለ።

ይህን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ በላይነሽ ብቻ ናቸው። የመዘምራኑ አለቃ መሪጌታ ንዋይ ካወቁ ከሰልፉ ያስወጡታል፤ ለአገልግሎቱ የተሰጠው መሬትም ለሌላ መዘምር ያልፋል። ጎጆአቸው ያለችው እዚያው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ደበቁ። ጆሮው ሥር ሲጮኹበት ጥቂት ይሰማል፤ በላይነሽ እንዳትጮህ ግን ዘርፉ አለች። አጥራቸው አንድ ነው፣ ዘርፉ ደግሞ የሰማችውን አታሳድርም። ባልና ሚስት በእጅና በቅንድብ ሲያወሩ ከረሙ። ውጭ ላናገረው ሁሉ ፈገግ ብሎ «እሺ» ይላል። ከጎኑ የሚቆመው መርዳሳ፣ ገና መሬት ያላገኘ መዘምር፣ «አካም ቡልቴ?» ብሎ እንዴት እንዳደረ ሲጠይቀው እንኳ መልሱ «እሺ» ነበር።

ዜማውን ከልጅነቱ አጥንቶታል፤ ችግሩ ከሰው እኩል መሄዱ ነው። በዚህ ከበሮው ረዳው። ምቱ በወለሉ አልፎ በባዶ እግሩ ይገባል፣ እሱም በዚያ ይሄዳል። ጾም ሲገባ ግን ከበሮውም ጸናጽሉም ይሰቀላሉ። 

በመጀመሪያው እሑድ ዓይኑን የመርዳሳ መቋሚያ ላይ ተከለ። መርዳሳ ሲያዘነብል ያዘነብላል፣ ሲያቀና ያቀናል። ነገሩ ሄደለት። ወደ ማብቂያው ገደማ የመርዳሳ ዓይን ውስጥ ዝንብ ገባች። መርዳሳ መቋሚያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ዓይኑን ያሽ ጀመር። ገሠሠ ዜማው ያለቀ መሰለውና እሱም አፉን ዘግቶ መቋሚያውን ሸጎጠ። ቀና ሲል የሰው ሁሉ አፍ ይንቀሳቀሳል። ላብ አጠመቀው። ፊት ለፊት የቆሙት መሪጌታ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አላነሡም።

ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ዋርካው ሥር ጠሩት። በላይነሽ አብራው ወደ ቤት ልትሄድ እዚያው አጠገብ ቆማለች። መሪጌታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ገሠሠ አጎነበሰና ፈገግ አለ።

«እሺ፣ የኔታ።»

መሪጌታ ደግመው ተናገሩ።

«እሺ፣ የኔታ።»

ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ። ገሠሠ ትንፋሹ ተመለሰለት። ነቅተውብኝ ቢሆን ይቆጡኝ ነበር፣ አለ በልቡ። መንገዱን ሁሉ ምን አሉኝ እያለ በላይነሽን በእጁ ይጠይቃታል፤ እሷ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ፊት ፊቱን ትሄዳለች። ያን ጊዜ ፍርሃቱ ተመልሶ መጣ።

ቤት ሲደርሱ በሩን አልዘጋችም። ጆሮውን ይዛ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«‹መሬትህን ለመርዳሳ ልስጠው ወይ?› ነው ያሉህ! ሁለት ጊዜ ጠየቁህ፣ ሁለት ጊዜ እሺ አልክ!»

ከአጥሩ ማዶ ስትወቅጥ የነበረችው ዘርፉ መውቀጧን አቆመች። በላይነሽ ግድ አልሰጣትም፤ መሬቱ ከሄደ ምን የሚደበቅ አለ? ባሏ ፊቷን ፊቷን ያያል፤ ያልሰማ መስሏት ደግማ ጮኸችለት።