ከፍ አድርገው፣ ዝቅ አድርገው

ቦንጋ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ከበደ አንድ ፒክአፕ ሥር አስገብተው “የኋላ ባሌስትራውን ፍታ” አሉኝ። ጭነት የሚሸከመው ይህ ድርብርብ ብረት የታሰረበትን ብሎን ዝናቡና ጭቃው አዝገውታል። ቁልፉ እየሾለከ ጣቴን ላጠው። እስኪመሽ አንድም ብሎን አልፈታሁም። “ነገ ትፈታዋለህ” ብለውኝ ሄዱ። ይኸው ስፈታ ኖርኩ።

የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ በኋላ ከሁሉም ያንገሸገሸኝ የእትዬ ዘነበች ፒክአፕ ነው። እትዬ ዘነበች ከማንኪራ ማርና ቡና ጭነው ሺሺንዳ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። የሚነዱት ባለቤታቸው ጋሽ አድማሱ ናቸው።

“ጭነት ሲኖረው ሆዱ መንገዱን ይልሳል። ከፍ አድርገው” አሉኝ እትዬ ዘነበች። የፊቱን ሞላ ረዘም ባለ፣ የኋላውን ባሌስትራ በወፍራም ቀየርኩት።

በሳምንቱ ጋሽ አድማሱ ብቻቸውን መጡ። “ኩርባ ላይ ይወዛወዛል። ዝቅ አድርገው።”

ነድቼ አየሁት፤ ምንም የለውም። ነገርኳቸው።

“የምነዳው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?”

የድሮውን ሞላና ባሌስትራ መለስኩ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘነበች መኪናውን አስመጥተው “ምን ነካህ? ማን ዝቅ አድርግ አለህ?” ብለው ጮኹብኝ። እንደገና ከፍ አደረግኩት።

ጋሽ አድማሱ ደግሞ መጡ። “መሪው ከበደኝ” አሉ።

ትዕግሥቴ አለቀ። የታመቀ ሞላ ሲፈታ ካመለጠ አጥንት ይሰብራል፤ መጫወቻ አይደለም። “ተነጋግራችሁ አብራችሁ ካልመጣችሁ አንድ ብሎን አልነካም” አልኳቸው።

ተቆጥተው ወደ መኪናው ሄዱ። መሪውን ጨብጠው ወደ መቀመጫው ሊወጡ ሲሉ ግራ ጉልበታቸው ከዳቸው። በሩን ይዘው ቆሙ።

“ጋሼ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል?”

“ዝም በል። ዘነበች ከሰማች ሌላ ሾፌር ትቀጥራለች። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ ነው?”

“እኔ አልናገርም፤ እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው” አልኳቸው።

በማግስቱ አብረው መጡ። ጋሽ አድማሱ መሬት መሬቱን እያዩ “መኪናው ከፍ ሲል ጉልበቴ አያወጣኝም” አሉ።

እትዬ ዘነበች አፈጠጡባቸው። “ለዚህ ነው የሰውየውን ልብ ስታወልቅ የከረምከው?” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “መርገጫ ብረት አይበየድለትም?”

ይበየድለታል። በሩ ሥር በየድኩለት። መኪናው ከፍ እንዳለ ቀረ፤ የሚነዱትም ጋሽ አድማሱ ናቸው።

ለወጣት መካኒኮች የምለው ይህን ነው፦ መኪና ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ ስትባሉ፣ ክሪክ ከማስገባታችሁ በፊት ነጂው ሲወጣና ሲወርድ እዩት።