የአክተሩ ወንድሞች

ሃጂራ ዐብዱረሕማን ቂም ስትይዝ እንደ ሌላው ሰው ፊቷን አታጠቁርም። ትስቃለች፣ ሰላም ትላለች፣ ሻይ ትቀዳለች። ጎንደር አዲስ ዓለም ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የማያውቀው የገዛ ወንድሟ ኡዘይር ብቻ ነበር። አይ ኡዘይር! ቢያውቅ ኖሮ ያችን ቃል ከአፉ ባላወጣት።

አባታቸው ሲሞቱ ሁለቱ የጨርቅ ሱቁን ዘግተው ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። ጊዜው ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት ያለፈበት፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠርበት ነው። ካሴቶቹ ከሱዳን በመተማ፣ በአይከል በኩል በጭነት መኪና ይመጣሉ፤ ጃፓኖች የሣሏቸው፣ ዓረብኛ የሚናገሩ፣ ሰማይ ላይ በከዋክብት መካከል የሚዋጉ የብረት ሰዎች ፊልሞች ናቸው። ኡዘይር ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጥና በአማርኛ ይተርካል። ቁርኣን ቤት የቀመሳት ዓረብኛ ለወሬው ያህል ትበቃዋለች፤ ያልገባውን ከሆዱ ያመጣል። ድምፁማ፣ ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ ሸጋ ነው። በፊልሙ ውስጥ እናት ስታለቅስ ጎረምሳውን ሁሉ ያስለቅሰዋል።

ጭንቁ ጦርነቱ ላይ ነው። ጦርነት ሲጀመር ዓረብኛ የለም፤ ድው ድው፣ እሳት፣ ጭስ ብቻ። ስፍር ቁጥር የሌለው የብረት ሰው ይተራመሳል፣ አንዱ ከላይ ይወርዳል፣ አንዱ ተገልብጦ ይተኩሳል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። ኡዘይር እዚህ ላይ ዕውር ነው። ማን ማንን እንደመታ ቢያርዱት አያውቅም።

የምታውቀው ሃጂራ ናት። ካሴት ማጫወቻውን ዴክ የምትጠብቅ መስላ ከጎኑ በርጩማ ላይ ትቀመጥና በጆሮው ታንሾካሹክለታለች። «ትከሻው የተላጠው የኛው አክተር ነው። ከኋላው የመጣው ያ ቅድም የሸሸው ነው። አሁን ሊመታው ነው፣ በል!» ኡዘይር ይጮኻል፣ ቤቱ በፉጨት ይናወጣል። ይህን ዓይን ያገኘችው ከአባቷ ሱቅ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲደምቅ ሴቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጨርቅ ሲጎትት፣ አባቷ ሌባ ፈርተው «ልጄ፣ ጨርቁን አትዪ፣ እጅ እዪ» ይሏት ነበር። እሷም እሳቱን ትታ የተኮሰውን እጅ ታያለች፤ ገና ጦርነቱ ሳይጀመር ማን ከማን ጎን እንደቆመ ትይዛለች። ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ለዚህ ሁሉ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። አንድ ቀን ኡዘይር በሰው ፊት «የምታይልኝ እህቴ ናት» እንዲል። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ይህችን ግን ፈልጋ ፈልጋ ውስጧ ነደደ።

የጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ቪዲዮ ቤቱ እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። ፊልሙ ሲያልቅ አለበል የሚባል የአይከል አውቶቡስ ረዳት፣ አፉ ስድ የሆነ ቀልደኛ፣ ከኋላ ተነሣና ጠየቀ።

«አያ ኡዘይር፣ ያች እህትህ ምን እያለች ነው ሁልጊዜ የምታንሾካሹክልህ?»

ሃጂራ አሁን ይላታል፣ ወላሂ አሁን ይላታል ብላ ሻሿን አስተካከለች። ኡዘይር ማይኩን አፉ ላይ እንደያዘ ሳቅ አለ።

«ሽንት ቤት ልሂድ እያለች ነዋ!»

ምን ልበላችሁ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ወዲያ ወደ ወንድሟ ጆሮ ጠጋ ባለች ቁጥር ከኋላ «ኧረ ልቀቃት፣ ትሂድበት!» የሚል ጩኸት ይመጣል። እሷ ትስቃለች። ማታ ለኡዘይር ሻይ ትቀዳለታለች። ቆይ፣ አሳይሃለሁ፣ ትላለች በሆዷ።

ፋሲካ ላይ አዲስ ካሴት መጣ። ሃጂራ ቀን ብቻዋን አየችው፤ መጨረሻው ላይ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ጦርነት አለ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሰው ሞልቶ፣ ጦርነቱ ተፋፍሞ፣ አንድ ተራ ወታደር በእሳት ሲበታተን ወደ ወንድሟ ጆሮ ጠጋ አለች።

«አክተሩ ሞተ» አለችው።

«ምን?»

«ሞተ እኮ ነው የምልህ! በል!»

ኡዘይርም አወጀ፤ ለዚያውም ድምፁን ሰብሮ፣ እንደ ለቅሶ ቤት አድርጎ አወጀ። አክተር ይሞታል እንዴ? ወንበሩ ሁሉ አቃሰተ፣ አንዱ ጎረምሳ ዓይኑን ጠረገ። ሃጂራ እጇን እጭኗ ላይ አጣጥፋ ጠበቀች። ጭሱ ሲገለጥ አክተሩ፣ ያ የሞተው፣ ጭረት ሳይነካው መሐል ላይ ቆሞ ታየ። ሰው ሁሉ ወደ ኡዘይር ዞረ። አሁን ገባህ፣ አለች በሆዷ፤ አሁን በሰው ፊት መቅለል ምን እንደሆነ ገባህ።

ኡዘይር ላቡን ጠረግ አደረገና ከወንበሩ ተነሣ።

«ወንድሙ ነው!» ብሎ አገሳ። «መንታ ወንድሙ ነው! ደሙን ሊመልስ መጣ!»

ወይ ጉድ! ሰው አበደ። ያለቅስ የነበረው ጎረምሳ ወንበር ላይ ወጣ፣ የገጠሩ ሰው ፎከረ፣ አለበል ኮቱን አውልቆ አውለበለበ። እዚያ አገር የወንድም ደም ሲመለስ ዝም ብሎ የሚያይ የለም። ኡዘይርን በትከሻቸው ተሸክመው በረንዳው ላይ አዞሩት። ሃጂራ ባዶ ቤት ውስጥ ዴኩ አጠገብ ቀረች፤ ካሴቱን አውጥታ ወንበሮቹን ብቻዋን ሰበሰበች።

በማግስቱ «ከእንግዲህ በር ላይ ሆኜ ትኬት ነው የምቆርጠው» አለችው።

«ምነው?» አለ።

«አንተ ያለ እኔም ትችላለህ።»

«እንዴታ!» አለ ኡዘይር፣ ገና ከትከሻ ላይ ያልወረደ ይመስል።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር የለም። በሩ ላይ ተቀምጣ ሰማች እንጂ። ጦርነት ሲመጣ ኡዘይር ግራ ይገባዋል፤ ግራ ሲገባው «ወንድሙ ነው!» ይላል። በመጀመሪያ አጨበጨቡለት። ሲደጋግም ግን ሳቁ፤ አክተሩ ወንድም በወንድም ሆነ፣ ጠላቱ ራሱ ወንድሙ ሆነ፣ በመጨረሻ አንዲት መንኮራኩር ስትፈነዳ ሳይቀር ወንድሙ ነው አለ። ሕዝቡ ቀድሞት መጮኽ ጀመረ። አለበል የአውቶቡሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ኡዘይርን ባየ ቁጥር «ወንድሙ ነው!» ይለዋል። ከማራኪ እስከ አዘዞ ስሙ ወንድሙነው ሆኖ ቀረ። መስጊድ ደጃፍ ሳይቀር ሲጠቃቀሱበት ያያል። የሚናገረውን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥርለትም፤ ሰው ሞተ ብሎ ቢናገር እንኳ ይስቁበታል። ሃጂራ ይህን ሁሉ ስትሰማ ሌሊት እንቅልፏ ጣፈጣት። እሰይ! አለች፣ ደግ አደረጉህ።

ኡዘይር ከሳ። የኢድ ዋዜማ መጥቶ በርጩማዋን ይዞ ፊቷ ቆመ።

«እባክሽ ተመለሽ፣ ሃጂራ። አለቀልኝ።»

«በሰው ፊት ተናገር» አለች። «ምን እንደማደርግልህ ተናገር። ያን ጊዜ እመጣለሁ።»

«እናገራለሁ። ወላሂ እናገራለሁ።»

በኢድ ቀን ቤቱ ሞላ፤ ሊስቅ የመጣ ይበዛል። ኡዘይር ማይኩን አስቀምጦ በባዶ ድምፁ ቆመ። ሃጂራ በሩን ትታ ገባች።

«ወገኖቼ፣ አንድ እውነት ልንገራችሁ» አለ ኡዘይር። «ጦርነት ላይ እኔ ምንም አላይም። እስከ ዛሬ ስታይልኝ የነበረችው እህቴ ናት።»

ከዚያ አለበል ከኋላ ብድግ አለ።

«እሰይ! ወንድሞቹ አልቀውበት ዛሬ እህት አመጣ!»

ቤቱ ፈነዳ። ሆዳቸውን ይዘው፣ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ሳቁ። «እህቱ ናት! እህቱ ናት!» ይላሉ። ኡዘይር «እውነቴን ነው፣ በአላህ!» ብሎ ቢጮኽ ማን ይስማው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ እሷ ዞረ።

ሃጂራ እየተጋፋች መሐል ድረስ ገባች። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቃል ተነግሮ ነበር፤ ማንም አላመነውም።

«እውነቱን ነው!» አለች፣ የቻለችውን ያህል ጮኻ።

ይባስ ብለው ሳቁ።