የደቦው ፎቶ

ዛሬም ሰላጣ ላይ ኮምጣጤ ሲፈስ የሚሸተኝ ሰላጣው ሳይሆን የአባባ ጨለማ ክፍል ነው። አባባ ነቀምቴ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው፤ ፎቶ የሚያጥብበት ውሃ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይል ነበርና ሽታው ልብሳችን ላይ ተጣብቆ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለን ነበር።

አንድ ክረምት የአባባ እህት፣ አዳዳ ጫልቱ፣ ባሏ ሞተባት። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ማሳዋን ጎረቤቱ እየተጠራራ በደቦ ያርስላት፣ ያርምላት ጀመር። ደቦን በኦሮምኛ «ዳቦ» ሲሉት ሰምቼ፣ በእናቴ አማርኛ ያደግኩት እኔ ዳቦ ሊበላ ነው ብዬ ሮጬ ሄጄ፣ ቀኑን ሙሉ አረም ስነቅል ውዬ በመመለሴ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ባላባቱ ፊታውራሪ ግን በዚያ መሬት ላይ ዓይናቸውን ከጣሉ ቆይተዋል። ባል የሌላት ሴት መሬቱን ጦም አሳደረችው ብለው ከሰሷት። አባባ ናቀው። ደቦውን ፎቶ አንስቼ ዳኛው ፊት እዘረጋለሁ፣ ጦም ማደር አለማደሩን በዓይኑ ይይ አለ።

ኅዳር ላይ ጤፉ ሲታጨድ ባለ ሦስት እግር ካሜራውን ተከለ። አጫጆቹን ማጭዳቸውን አስይዞ ደርድሮ፣ አዳዳንም ማጭዷን እንደያዘች መሃል ወንበሯ ላይ አስቀምጦ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ሊከናነብ ሲል ፊታውራሪ በበቅሎ መጡ። ሁሉም እጅ ነሳ፣ አዳዳም ከወንበሯ ተነሳች።

«ኮታ፣ ይምጡ ጌታዬ፣ ይቀመጡ፤ አብረው ይነሱ» አለ አባባ።

ከሳሻችን አብሮን ከተነሳ ምስክራችን ሆነ ማለት ነው ብሎ ደስታው ወሰን አልነበረውም። ፎቶው ሲታጠብም አንዱን ቅጂ በመስታወት አስገብቶ ላከላቸው። የአባቴ የዋህነት አሁንም ያንገበግበኛል።

በጋው ሳይጋመስ ፍርድ ቤት ቀረብን። አባባ ፎቶውን ሲያወጣ ፊታውራሪም ባለ መስታወቱን አወጡና፣ ጭሰኞቼን ሳሳጭድ የተነሳሁት ነው አሉ። ዳኛው ሁለቱን አስተያይቶ አዳዳን በአስተርጓሚ ጠየቃት።

«ማሳው ያንቺ ከሆነ፣ አንቺ ቆመሽ እሳቸው ለምን ተቀመጡ?»

አዳዳ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቁ ራሱ ግራ ገባት። «ኬሱማ ቱራን» አለች።

አስተርጓሚው «እንግዳ ስለነበሩ ነው ትላለች» ሲል ችሎቱ ሙሉ ሳቀ። ፊታውራሪም ሳቁ። ያን ሳቅ ለማንም ይቅር አላልኩም።

ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጥል፣ ማሳው ለፊታውራሪ ተፈረደ። ክረምቱን ያረሱት እነዚያው ጎረቤቶች ነበሩ፤ በደቦ ሳይሆን በትእዛዝ። አዳዳ እኛ ቤት ማድ ቤት ውስጥ እየተኛች ብዙም ሳትቆይ ሞተች። አባባ የእኛን ቅጂ እሳት ውስጥ ጨመረው።

ዛሬ ልጆቼ ምሳ በቀረበ ቁጥር በስልካቸው ፎቶ ይነሳሉ። አዳዳ ምን ትመስል ነበር ሲሉኝ የማሳያቸው የለኝም። የፊታውራሪ የልጅ ልጆች ግን ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለዋታል፤ ከአያታችሁ ጀርባ ማጭድ ይዛ የቆመችው ማን ናት ብላቸው፣ «ከጭሰኞቻችን አንዷ ናት» አሉኝ።