እትዬ እምቢ ስልኳን በፎን ከፈተች

አክስቴን ሰፈሩ «እትዬ እምቢ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው፤ ላግባሽ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሦስት ጊዜ ያገኘው መልስ ይኸው ነበር። በአራተኛው እሺ ያለችው ታክቷት ነው ይባላል። እሷ ግን «ስለተሻሻለ ነው» ትላለች።

ሥራዋ ፀጉር ነው። በዚያች ባለ ሦስት ወንበር ቤቷ ውስጥ ያልተቀጠለ፣ ያልተፈታ፣ ያልታማ ራስ የለም። ሰባት ዓመት ሙሉ ቀጠሮ የያዘችው በአንድ ስልክ ነበር። ዘንድሮ ግን ስልኩ ጠዋት ሞልቶ ምሳ ሳይደርስ ጭልም ይል ጀመር። ደንበኞች ሲደውሉ ያጧትና ወደ ማዶዋ ፀጉር ቤት ይሄዳሉ። የማዶዋን ሙያ ያስተማረቻት ደግሞ ማን ሆነና? ራሷ አክስቴ!

ተናዳ ስልክ መሸጫው ገባች፤ እኔም ለወሬ ስል ተከተልኳት። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ባትሪ አይቀየርም» ተጽፏል። ሻጩ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ሰላም የሚል ጎረምሳ፣ ስልኳን በሁለት ጣቱ አነሣው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ጡረታ መውጣት አለበት።»

«የደከመው ባትሪው ነው። እሱን ቀይርልኝ።»

«ባትሪውማ አለኝ። ግን ጀርባው በሙጫ የተለጠፈ ነው፣ አይከፈትም። አዲስ ይውሰዱ።»

«ጥርሴን ቢያመኝ ራሴን ልቀይር? ቆይ፣ ፎን ይዤ መጣሁ።»

«ሌላ ፎን ካለዎት ታዲያ ምን ያደክሙኛል!»

ስትመለስ ብብቷ ሥር የያዘችው የፀጉር ማድረቂያዋን ነበር።

«ሶኬቱ የት ነው?»

«እትዬ፣ ቢሰበር እኔ የለሁበትም!»

«ከተሰበረ አዲሱን ካንተ እገዛለሁ። ከተከፈተ ግን ያቺ ጽሑፍ የኔ ናት።»

ወረፋ የያዘው ሁሉ «እሺ በላ!» ብሎ ጮኸበት። ምን ያድርግ፣ እሺ አለ።

ስልኩን አጥፍታ ፎኑን በለስላሳው ሙቀት ለቀቀችው። በሙጫ የተለጠፈ የፀጉር ቅጥያ የምታላቅቀው እንዲሁ ነው፤ ቆዳ ሳታቃጥል፣ ፀጉር ሳትነቅል። ጠርዙን ሞቅ ታደርግና በማበጠሪያዋ የፕላስቲክ ጭራ ገፋ፣ ደግሞ ሞቅ፣ ደግሞ ገፋ። ቀጭ!

«ተሰነጠቀ!» ሻጩ ዘለለ። እውነትም ጥጉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ወጥቷል።

«የኔም የፊት ጥርስ ተሰንጥቋል፤ መብላት ትቻለሁ?» አለችና አንዴ ገፋ ስታደርገው ጀርባው እንደ ዊግ ተነሣ። ያ ሁሉ ያስቸገረ ባትሪ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ጋደም ብሏል።

አዲሱን ባትሪ ሻጩ ራሱ ላቡን እየጠረገ ገጠመው። ስልኩ ገና ከመብራቱ ጮኸ፤ ደንበኛ።

«አለሁ! የት እሄዳለሁ? ነገ ሦስት ሰዓት ነይ!»

ከዚያ ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣችና ወደ ግድግዳው ሄደች። «አ»ን ሰረዘች፤ «ርም»ን «ራል» አደረገችው። ባትሪ ይቀየራል።

«እትዬ! ይወስዱታል ብዬ እኮ ነው የተስማማሁት!»

«የኔ ናት አልኩ እንጂ እወስዳታለሁ የሚል ወጣኝ?»

ጽሑፉ ዛሬም እዚያው አለ። ሻጩ ቀለሙን በአሴቶን ሊያስለቅቅ ፈልጎ ነበር አሉ። ግን ሞኙ አሴቶኑን ሊለምን የሄደው እሷው ዘንድ ነው። መልሷን እንግዲህ ታውቁታላችሁ።